የአራትና የዘጠኝ መስመር

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ደላላ አልነበረችም፤ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሩቅ ከተማ ካለ ዘመዱ ጋር መነጋገር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ማግኘት ነበረበት። እሷ ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ውስጥ ትሰካለች፤ በዚያኛው ከተማ ያለችው ባልደረባዋም ከዚያ ወገን ትሰካለች፤ ከዚያ በኋላ እናት ከልጇ፣ ነጋዴ ከነጋዴ፣ እጮኛ ከእጮኛው ይገናኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቷ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ግድግዳው በሙሉ ቀዳዳ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ቤት ያለ፣ በየቤቱም አንድ ሰው «ሃሎ» ለማለት አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ የቀረሁት ግን እኔው ነበርኩ፤ አክስቴ አገጬን በእጇ ዘጋችልኝ።

ሥራው አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረው። ኦፕሬተር ሁለት ሰዎችን ካገናኘች በኋላ ዝም ብላ አትሄድም። ወደ መስመሩ ገብታ «ተገናኛችሁ?» ትላለች፤ «አዎ» ሲሏት ትወጣለች። አገባቧ ታዲያ ጥበብ አለው። መዳፏን ስልኩ አፍ ላይ ትከድናለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ አይሰማም።

«ሰው ሁሉ፣ ወሬ ስታዳምጡ ትውላላችሁ እያለ ያማን ነበር» ትላለች። «እኛ እንሰማለን እንጂ አናዳምጥም። ብናዳምጥማ ስንቱ ትዳር በፈረሰ!»

ኦፕሬተሮቹ የሚጠራሩት በተቀመጡበት ወንበር ቁጥር ነበር። አክስቴ አራት ናት። በሩቁ ከተማ፣ በመስመሩ ሌላ ጫፍ የምትቀመጠው ደግሞ ዘጠኝ። ቀኑን ሙሉ «ዘጠኝ፣ አራት ነኝ»፣ «አራት፣ ዘጠኝ ነኝ» ሲባባሉ ይውሉና፣ መስመሩ ጭር ሲል የግላቸውን ያወራሉ። ዘጠኝ የወንድ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ነበራት፤ ደዋዮች «እሺ ጌታዬ» ይሏት ነበር አሉ። እየዋለ እያደረ አራት «አራትዬ»፣ ዘጠኝም «ዘጠኝዬ» ሆኑ።

በዓይን የተያዩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኦፕሬተሮችን ከየከተማው ለስብሰባ ሲጠራ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከዚያ የሚሉት ጠፋቸው።

«ፊት አላት!» ትላለች አክስቴ፣ ዛሬም ሲገርማት። «ይኼ ፊት ከየት መጣ? እኔ የማውቀው ድምፅዋን ነው። ቅንድብና አፍንጫ ሲጨመርበት ከማላውቀው ሰው ጋር የተቀመጥኩ መሰለኝ። እሷም እንደኔው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየን ሻያችንን ጠጣን።»

በመጨረሻ ዘጠኝ ብድግ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። አክስቴም አኩርፋ ወደ ክፍሏ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«አራትዬ፣ ዘጠኝ ነኝ። አሁን እስቲ አውሪኝ።»

በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ እራት እስኪያመልጣቸው አወሩ።

በኋላ ደዋዩ ራሱ ቁጥር እየመታ የሚገናኝበት ዘመን ሲመጣ ዘጠኝ ቤቷ ገባች፤ አክስቴ ደግሞ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ሆና እዚያው ጡረታ ወጣች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ምንጊዜም የሁለቱ ነበር። በዚያን ሰዓት አክስቴ ቤት የሄደ ዘመድ ሻዩን ራሱ አፍልቶ፣ ራሱ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ይመለሳል።

ከዚያ ዘጠኝ ጉሮሮዋን ታመመች። ቀዶ ሕክምናው ነፍሷን አተረፈ፤ ድምፅዋን ግን ወሰደው።

ለጥቂት ጊዜ በጥፍር ተነጋገሩ። አክስቴ ታወራለች፣ ዘጠኝ የስልኩን አፍ በጥፍሯ ትመታለች። አንድ ምት አዎ ነው፣ ሁለት ምት አይደለም ነው፣ ብዙ ምት ሳቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ጥፍሩም ቀረ። ስልኩን ያነሳችው የዘጠኝ ልጅ ነበረች።

«እማማ አራት» አለቻት፣ «እማዬ ከእንግዲህ ስልክ አታቅርቡልኝ ብላ ጽፋልኛለች። እንደ ለማኝ በር ማንኳኳት ሰለቸኝ ትላለች። ግን እኔ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ለምዳለች። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት እገባለሁ፤ ቢሮው እስኪዘጋ ትቀመጣለች። አራት ከፈለገችኝ በኢሜይል ትጻፍልኝ ብላለች።»

«ባልጽፍስ?»

«እሷን ያውቋታል።»

አክስቴ ታውቃታለች። ዘጠኝ ኩሩ ናት፤ ያኮረፈችበትን ደጃፍ ዳግም አትረግጥም። ቅዳሜ መሽቶ ምንም ካልደረሳት «ድምፅ የሌላት ሴት ለማን ትረባለች» ብላ ትደመድማለች፤ ከደመደመች ደግሞ አለቀ።

አክስቴ ኮምፒውተር አልነበራትም። የነበራት ጡረታ ስትወጣ የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም የሰጧት የእጅ ኮምፒውተር ነው። እሳቸው አዲስ ገዝተው አሮጌውን «ያሳደድሽኝ ማስታወሻ» ብለው አበረከቱላት፤ የትም ቢደበቁ፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ሳሙና ተቀብተው እንኳ ቢሆን፣ በስልክ ፈልጋ ታገኛቸው ነበርና። ዕቃው መዳፍ የሚያህል ግራጫ ነገር ነው። የሚነካ ፊደል የለውም፤ ቀለም በሌለው ብዕር መስተዋቱ ላይ ይጻፍበታል። ከሥሩ ሞደም የሚባል ሌላ ቁራጭ ይገጠምለታል፤ ሞደሙ ላይ የስልክ ሽቦ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ልክ እንደ ሰው ስልክ ደውሎ ኢንተርኔት ውስጥ ይገባል። እንደ ሰው ስልክ ይደውላል!  አክስቴ ግን እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የክኒን ሰዓቷን ታስታውስበት ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔንና ዶክተር ሽቦን ጠራችን። እኔን የጠራችኝ «ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለም ወይ?» ብላ ነው። የምማረው ሥነ ጽሑፍ እንደሆነ ብነግራት «ያው ነው፣ እሱም መጻፍ ነው» አለች። ዶክተር ሽቦ ጎረቤቷ ነው። ራዲዮና ካልኩሌተር ይጠግናል፤ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት መጀመሪያ ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጠው ነው ስሙ የወጣለት። በሰፈሩ የኢንተርኔት ደንበኛ የሆነ እሱ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የአንድ ሻይ ሥራ ነው» አለ ገና ሲቀመጥ።

«ያንተ አንድ ሻይ ስንት ብርጭቆ ነው?» አለችው አክስቴ እየቀዳችለት።

የሳሎኑን ስልክ ነቅሎ ሽቦውን ሞደሙ ላይ ሰካ። መኝታ ቤት ውስጥ፣ አልጋዋ ራስጌ፣ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ስልክ አለ፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤቷ ዕቃ ሲያስወግድ ተሸክማ ያመጣችው ጥቁር፣ ከባድ ስልክ። እሱን ማንም አላሰበውም።

መጀመሪያ የሚደወልበትን ቁጥር አስገባ። ቀጥሎ የደንበኛውን ስም ጻፈ። መሣሪያው ፊደልን የሚቀበለው በራሱ አጻጻፍ ነው፤ «ኤ» የሚባለው የላቲን ፊደል ለምሳሌ መካከሉ ላይ ያለውን አግዳሚ መስመር አይፈልግም፤ እንደ ድንኳን ሁለት እግር ብቻ ነው።

«መቀነቷን የት አደረሰችው?» አለች አክስቴ መነጽሯን ገፋ አድርጋ።

«ፈታችው እትዬ። ዘመናዊ ናት።»

«የይለፍ ቃል» የሚለው ላይ ሲደርስ ዶክተር ሽቦ ጀርባውን ሰጠን።

«ምንድን ነው የምትደብቀው?»

«የይለፍ ቃል እኮ ምስጢር ነው እትዬ። ደንቡ ነው።»

ደንብ ስትባል አክስቴ አትከራከርም። እኔ ግን የዶክተር ሽቦ ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

መልእክቱን ራሴ ካልጻፍኩ አለች። መሣሪያው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ቃላችንን በላቲን ፊደል፣ አንድ አንድ እያለች፣ ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጻፈችው። «ዘጠኝዬ፣ አራት ነኝ። ትሰሚኛለሽ?» ይህችን እስክትጽፍ ዶክተር ሽቦ ሁለተኛውን ሻይ ጨረሰ።

«በሉ እንግዲህ» ብላ ተነሣች። «ሌላ ሰው ሲያገናኝ ቆሜ ማየት አይሆንልኝም። እጄን ይበላኛል።» መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ዶክተር ሽቦ በብዕሩ ጫፍ ነካው። ሞደሙ ቁጥሩን ቀጭ ቀጭ እያደረገ መታ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ምን ልበላችሁ! የሚፈላ ጀበና፣ የተቆጣ ሕፃን፣ ዝገት የያዘው በር አንድ ላይ ተሰባስበው የዘፈኑ ይመስላል።  ወዲያው ግን ድምፁ ተቆረጠና መስተዋቱ ላይ «መስመሩ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ተገናኛችሁ?» አለች አክስቴ ከመኝታ ቤት።

«ትንሽ ቀርቶናል እትዬ!»

ሽቦውን ነቅሎ እፍ ብሎ መልሶ ሰካው። ደወለ። ጮኸ። ተቋረጠ። ፍጥነቱን ቀነሰለት፤ «የእትዬ መስመር ሽማግሌ ነው፣ መሮጥ አይችልም» አለኝ። ደወለ። ጮኸ። ተቋረጠ። ሶፋውን ገፍተን ከግድግዳው የሚወጣውን ሽቦ በጨርቅ ወለወልነው፤ ከሶፋው ሥር አክስቴ የቤት ሠራተኛዋን የጠረጠረችበት መቀስ ተገኘ። ደወለ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። በየመካከሉ «ምነው፣ አልተገናኛችሁም?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል፤ ድምፁ ደግሞ በመጣ ቁጥር እየቀጠነ ሄደ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከጠረጴዛው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። በሌላ ከተማ አንዲት ሴት ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ ባዶ መስተዋት ታያለች። 

ዶክተር ሽቦ ጆሮውን መሣሪያው ላይ ለጠፈ።

«በሽታው ምንድን ነው?»

«ልቡ ደህና ነው። ትንፋሹ ደህና ነው። ልክ ሊናገር ሲል አንድ ነገር አፉን ይይዘዋል» አለ። «ባትሪውም እያለቀ ነው። አንዴ ልደውል፤ አንቺ ሩጪና የእትዬን ራዲዮ ባትሪ አምጪልኝ።»

ራዲዮው ያለው መኝታ ቤት ነው። በሩን ገፋ አድርጌ ቆምኩ።

አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ሳሎን ያለው ሞደም ቁጥር በመታ ቁጥር የጥቁሩ ስልክ ደወል እንደ ጫጩት ጭር፣ ጭር ይላል። ጭርታው ሲያበቃ እጇ ብቻውን ተነሣ። ብቻውን ስል እውነቴን ነው፤ ሌላው አካሏ አልተነቃነቀም። መዳፏ የስልኩን አፍ ከደነ። እጀታውን ቀጭ ሳታደርግ አነሣችው። ትንፋሿን ይዛ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን ገለጥ አድርጋ፣ ልጅ ሳለሁ መሥሪያ ቤቷ ወንበር ላይ ሆና በሰማሁት ድምፅ፣ ባላረጀው ድምፅ፣ «ተገናኛችሁ?» አለች።

«ኧረ የሰማይ ያለህ! ደግሞ ተቋረጠ!» አለ ዶክተር ሽቦ ከሳሎን።

«አክስቴ!»

ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ስልኩን አንሥተሻል እኮ!»

«እኔ? በፍጹም! ምን በወጣኝ! ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም» አለች፣ እጀታው ጆሮዋ ላይ እንዳለ።

ከዚያ አየችው። ከጆሮዋ አውርዳ እንደ እንግዳ ዕቃ አገላብጣ አየችው። እጇንም አየችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከሆዷ ተነሥቶ እስኪወጣ ድረስ እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ዶክተር ሽቦ በሩ ላይ ደርሶ ነገሩ ሲገባው «ሌባ ላመሉ...» ብሎ ጀመረና የሚያወራው ለማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ዋጠው።

«ጨርሰው እንጂ!» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«ዳቦ ይልሳል» አለ በቀስታ። «ይቅርታ እትዬ። በሉ ይሄን ስልክ ልንቀለው።»

ሳቋ ቆመ። «አይሆንም። ሰው መስመር ላይ እያለ ገመድ ነቅዬ አላውቅም።»

«ማን አለና እትዬ?»

«ዘጠኝ አለች» አለች።

 ፀሐዩ ምንጣፉንም ለቆ ግድግዳ ሥር ደርሷል። እኔ የራዲዮውን ባትሪ አውጥቼ ክንዷን ያዝኩ። «እንግዲያው አንቺው አገናኚ» አልኳት። «እጅሽ ሥራ ሲይዝ ሌላ ነገር አይነካም።»

መጥታ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ዶክተር ሽቦ ባትሪውን ቀየረ። እሷ ሽቦውን ከሞደሙ ነቅላ ራሷ መልሳ ሰካችው፤ የነቀለችው ያለ ምክንያት ነው፣ በራሷ እጅ መሰካት ስለነበረበት ብቻ። በግራ እጇ መሣሪያውን፣ በቀኟ ብዕሩን ይዛ ነካችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ያ ጩኸት። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። አክስቴ ግን አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ስሙት፣ ስሙት! ይሄኛው ማን ልበል ይላል። ያኛው እኔ ነኝ፣ አንተስ ማን ነህ ይላል። ኧረ ዝም በሉ፣ ይተዋወቁበት!»

ማንም አልተናገረም ነበር። ጩኸቱ ዝግ አለ፣ ፏፏቴ ከሩቅ ሲሰማ እንደሚመስለው ሆነ፣ ጠፋ። መስተዋቱ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚያች ቅጽበት የአክስቴ ቀኝ እጅ ብዕሩን ጥሎ ብድግ አለ፤ ዶክተር ሽቦ እንደ መብረቅ ፈጥኖ የሻይ ብርጭቆ አስጨበጠው። መልእክቱ ሄደ።

መስመሩን ዘግተን መጠበቅ ጀመርን። መልስ መምጣቱን ለማየት እንደገና መደወል ያስፈልጋል። ገና መስመሩ ከመለቀቁ ግን መኝታ ቤት ያለው ጥቁሩ ስልክ ቤቱን አናጋው። አክስቴ ሮጣ አነሣችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?... እሺ... ማንን ፈለጉ?... አንድ ጊዜ ይጠብቁ።» ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። «ዶክተር፣ ድመቴ እዚያ ነው ወይ የሚሉ ሴት መስመር ላይ አሉ።»

የዶክተር ሽቦ ጆሮ እንደ ቲማቲም ሆነ። የይለፍ ቃሉ ለሁላችንም ተገለጠልን።

ሚስቱ ከምሳ ጀምሮ ስትደውል መስመሩ ተይዞባታል፤ የምትለው ብዙ ነበር። «እሺ... እሺ የኔ እመቤት... አምፖል፣ እሺ... እናትሽም?...» ይላል እሱ። አክስቴ ከአጠገቡ ቆማ ጣቷን በመስኮቱ ወደሚጠልቀው ፀሐይ ቀሰረች፤ እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም። በመጨረሻ የስልኩን ሽቦ ጨበጠች።

«ገመድ ነቅዬ አላውቅም! ዛሬ ግን በሚስትህ ልጀምር ነው!»

ዘጋው።

እንደገና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች፤ እንደገና ነካችው። ቁጥሩ ተመታ፣ ጩኸቱ ተነሣ፣ ተዋወቁ፣ ዝም አሉ። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። መስተዋቱ ላይ አንዲት ፖስታ ብቅ አለች።

መነጽሯን አስተካክላ ለራሷ አነበበችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔና ዶክተር ሽቦ ተያየን።

«ምን አለች?» አልኩ።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ከአፏ የወጣው የእሷ ድምፅ አልነበረም። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው።

«አራትዬ፣ ዘጠኝ ነኝ። እሰማሻለሁ። ልጄ ቢሮው ሊዘጋ ነው ተነሺ ብላ ኮቴን እያለበሰችኝ ነው፤ ይሄን የምጽፈው አንድ እጅጌ ለብሼ ነው። ምን አቆየሽ? ማን ነው መስመሩ መሃል እየገባ ያስቸገረሽ? ብቻ ራስሽ እንዳትሆኚ።»

«ማናቸው ሰውዬው?» አለ ዶክተር ሽቦ፣ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነሥቶ።

«ሴት ናት!» አለችና አክስቴ ሳቀች፤ መነጽሯ ሻዩ ውስጥ ገባ። አውጥቼ ጠረግሁላት። ሁለተኛም በዚያው ድምፅ አነበበችልን፤ «ራስሽ እንዳትሆኚ» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ብዙ ጊዜ መታች።

ዘጠኝ አሁን ኮቷን ለብሳ ወጥታለች፤ የሚጻፍላትን የምታገኘው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። አክስቴን ይህ አላሳሰባትም። ብዕሯን አንሥታ፣ ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ «አዎ» ለማለት መቀነቷን የፈታችውን «ኤ» መጻፍ ጀመረች።